ሪቮልቨር ማስተካከል ሞላ ማላላት አይደለም

ሪቮልቨሩን ማስተካከል የሚያምረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቃታው እንዲቀልለት። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ የላላ ሞላ በትንሽ ላስቲክ አድርጎ በጥቂት ዶላር ይሸጥለታል። ሰውየው ክዳኑን ከፍቶ፣ ሞላውን ቀይሮ፣ መልሶ ያስራል። ቃታው በእርግጥ ቀለለ። መተኮሻ ቦታ ሲሄድ ግን ከስድስቱ ጥይት አንዱ ወይም ሁለቱ «ጠቅ» ብለው ይቀራሉ። ቃታውም ቶሎ ቶሎ ሲሳብ ወደ ቦታው ሳይመለስ ይዘገያል። ሻካራነቱ ደግሞ የትም አልሄደም፤ በከባዱ ሞላ ተሸፍኖ የነበረው አሁን ይበልጥ ይሰማል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩ (የሚዞረው የጥይት መያዣ) በስድስቱም ቤት (ጥይት በሚገባበት ቀዳዳ) በሰዓቱ መድረሱና መቆለፉ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ይለሰልሳል። ሞላ የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያ ሲደረስ የቀረው ሥራ ትንሽ ሆኖ ይገኛል። በደንብ ለስልሶ 10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ) የሚስብ ቃታ፣ ሻካራ ሆኖ 8 ፓውንድ ከሚስብ ቃታ ይልቅ በጣት ላይ ቀላል ነው። ይህን ጎን ለጎን ሞክሮ ያየ ሰው ስለ ሚዛን ቁጥር መጨነቅ ያቆማል።

እዚህ የምጽፈው ስለ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን መካከለኛ ፍሬም፣ «ኬ ፍሬም» ስለሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ሚሊታሪ ኤንድ ፖሊስ ተብሎ የወጣው፣ በ1957 ፋብሪካው ለሽጉጦቹ ቁጥር ሲሰጥ ሞዴል 10 የተባለው፣ በ1955 የመጣው ባለ .357ቱ ሞዴል 19፣ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በያገለገለ ዕቃ መሸጫው የሚገኙት እነዚህ ስለሆኑ ነው የመረጥኳቸው። የሌሎቹ ፋብሪካዎች፣ የኮልትና የሩገር፣ ውስጣቸው ሌላ ነው፤ የኮልት ሲሊንደር ወደ ቀኝ፣ የስሚዙ ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ ከታች ያለውን እንዳለ ወስዶ ኮልት ፓይተን ላይ መሞከር ስህተት ነው።

ስለ ስሞቹም ልግለጽ። ቃታ፣ አፈሙዝ፣ ቀለህ፣ አረር፣ መርፌ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ ሁላችንም የምንላቸው ናቸው። ለሪቮልቨር የውስጥ ዕቃ ግን የተለመደ የአማርኛ ስም ስለሌለ በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። «መዶሻ» ከኋላ ብቅ ብሎ በአውራ ጣት የሚነሣው ነው። «ገፊ» ከቃታው ጋር ተያይዞ ወደ ላይ እየወጣ ሲሊንደሩን የሚያዞረው ቀጭን ብረት ነው። ገፊው የሚገፋው በሲሊንደሩ ጀርባ ያለውን ባለ ስድስት ጥርስ «ኮከብ» ነው፤ ቀለህ የሚያወጣውም ይኸው ኮከብ ነው። «ማቆሚያ» ከሲሊንደሩ ሥር ከፍሬሙ ብቅ ብሎ በሲሊንደሩ ወገብ ላይ ባሉት ጉድጓዶች እየገባ የሚቆልፈው ነው። «ክንድ» ሲሊንደሩን ተሸክሞ ወደ ጎን የሚወጣው፣ «መላሽ» ደግሞ ከቃታው ኋላ ያለው፣ በውስጡ ሞላ የያዘ ተንሸራታች ብረት ነው። «ሺኛ» ስል የኢንች አንድ ሺኛ ማለቴ ነው፤ ወደ 0.025 ሚሊሜትር። የዚህ ሙያ መለኪያ ሁሉ በሺኛ ስለሆነ ወደ ሚሊሜትር እየቀየሩ መሥራት ያደናግራል።

አሜሪካ ውስጥ የራስን ሕጋዊ ሽጉጥ ፈትቶ መሥራት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም። የሰው ሽጉጥ እየተቀበሉ መጠገን እንደ ንግድ ሲሠራ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የየስቴቱ ሕግም ሊጨምርበት ይችላል። አገር ቤት ጉዳዩ የሚገዛው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

ሥራ በሚሠራበት ክፍል እውነተኛ ጥይት አይኑር። ሲሊንደሩን ክፈቱ፣ ስድስቱንም ቤት በዓይን እዩ፣ በጣት ዳስሱ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ለሙከራ የሚያገለግለው ባሩድም ሆነ የሚፈነዳ ነገር የሌለው የልምምድ ጥይት ነው።

ከመለካት በፊት ማጽዳት አለ፤ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በሲሊንደሩ ፊት ላይ የደረቀ ጥቀርሻ ሁለት ሦስት ሺኛ ያህል ክፍተት ሊደብቅ ይችላል። ከኮከቡ ሥር የገባች አንዲት ያልተቃጠለች የባሩድ ቅንጣት ደግሞ ኮከቡን ከፍ አድርጋ ሲሊንደሩን ከበድ ታደርገዋለች፤ ባለቤቱ ግን «ሰዓቱ ተበላሽቷል»፣ ማለትም ሲሊንደሩ በጊዜው ቦታው አይደርስም፣ ብሎ ሽጉጡን ይዞ ባለሙያ ዘንድ ይሄዳል። ማውጫውን ዘንግ ገፍታችሁ ከኮከቡ ሥር በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ይህን ስታደርጉ የሽጉጡን አፍ ወደ ላይ አቁሙ፤ ያለዚያ የተጠረገው ተመልሶ እዚያው ይገባል። ሌላው ቀላል ብልሽት የማውጫው ዘንግ መላላት ነው። ዘንጉ እንደ ብሎን በጥርስ የታሰረ ስለሆነ ሲላላ ወደ ፊት ይረዝማል፤ ሲሊንደሩም አልከፈትም ይላል። በ1960ዎቹና ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ጥርሱ የግራ ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ «ልፍታው» ብሎ የታገለ ሰው ይበልጥ ያጠብቀዋል። ዘንጉን ከመፍታታችሁም ከማጥበቃችሁም በፊት ሁለት ባዶ ቀለህ በተቃራኒ ቤቶች ውስጥ ክተቱ፤ ኮከቡን ደግፈው ይይዙታል። ይህ ካልሆነ የኮከቡ ትንንሽ መምሪያዎች ይጣመማሉ።

አሁን ዋናው ፈተና። ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በግራ እጅ ጣት ሲሊንደሩን በጣም ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት፤ እንደ ፍሬን እንጂ እንደ ማገጃ አይደለም። በቀኝ አውራ ጣት መዶሻውን በጣም በዝግታ አንሡ፣ ጆሯችሁንም ጣሉ። መሰማት ያለባቸው ሁለት ድምፆች ናቸው፤ ማቆሚያው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ አንድ «ጠቅ»፣ መዶሻው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ሲያዝ ሌላ «ጠቅ»። የማቆሚያው ድምፅ መቅደም አለበት፤ ቢያንስ ከመዶሻው ጋር እኩል መምጣት አለበት። መዶሻው ተይዞ ማቆሚያው ገና ካልገባ፣ ሲሊንደሩንም በጣት ገፋ ስታደርጉት ያን ጊዜ «ጠቅ» ካለ፣ ያ ቤት ዘግይቷል። ስድስቱንም ቤቶች በማርከር ቁጥር ሰጥታችሁ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ሞክሩና ጻፉ። ከዚያ ያንኑ ቃታውን ብቻ በመሳብ፣ ማለትም በዳብል አክሽን፣ በዝግታ ድገሙት።

ወረቀቱ ላይ የወጣው ውጤት ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል። ስድስቱም ከዘገዩ ያረጀው ገፊው ነው። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከዘገዩ ገፊው ደህና ሆኖ የእነዚያ ቤቶች የኮከብ ጥርስ ተበልቷል። ለሁለቱም የመጀመሪያው መፍትሔ ሰፋ ያለ ገፊ ነው፤ ፋብሪካው ከሚያስገባው በትንሽ ሺኛ ወፍሮ የሚሠራ ነው። ጥርሱን ይበልጥ ርቆ ስለሚገፋ የዘገየው ቤት ይደርሳል። ግን እንደመጣ አይገባም። ላልተበላው ጥርስ ሲበዛበት ቃታው ልክ መዶሻው ሊወድቅ ሲል ድንገት ይከብዳል፤ ገፊው በጥርሱና በፍሬሙ መስኮት መካከል እየተነከሰ ነው ማለት ነው። ጥርሱን የሚነካውን ጎን ብቻ በደቃቅ መሳያ ድንጋይ ሦስት አራት ጊዜ አሳልፎ፣ ገጥሞ፣ ስድስቱንም ሞክሮ፣ እንደገና መፍታት ነው። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ኮከቡን መሞረድ ግን የመጨረሻው መጨረሻ ነው፤ ገፊ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፣ ኮከብ ቢበላሽ ከሲሊንደሩ ጋር የተገጣጠመ ዕቃ ጠፋ ማለት ነው።

ለምን ይህ ሁሉ ስለ መዘግየት? ቤቱ ከአፈሙዙ ቱቦ ጋር ሳይገጥም መርፌው ከመታ አረሩ ወደ ቱቦው ሲገባ በአንድ ጎኑ ይላጣል። የተላጨው እርሳስ በሲሊንደሩና በቱቦው መካከል ባለው ክፍተት ወደ ጎን ይረጫል፤ አጠገብ የቆመ ሰው ጉንጩ ላይ ይሰማዋል። ኢላማ ላይ ደግሞ ከስድስቱ አንዱ ሁልጊዜ ራቅ ብሎ ይወድቃል፤ ያውም ያው ቤት።

ክፍተቱና የርዝመት ልቅነቱ (ሲሊንደሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው) አንድ ላይ ይለካሉ። ሲሊንደሩ ተዘግቶ ወደ ኋላ ገፍታችሁ ያዙትና በፊቱና በቱቦው መካከል ስስ መለኪያ ቅጠል አስገቡ፤ ሳይጨናነቅ የሚገባው ትልቁ ቅጠል ክፍተቱ ነው። ከዚያ ሲሊንደሩን ወደ ፊት ገፍታችሁ ድገሙት። የሁለቱ ልዩነት የርዝመት ልቅነት ነው። ለምሳሌ ወደ ኋላ ሲገፋ 8፣ ወደ ፊት ሲገፋ 3 ከሆነ ልቅነቱ 5 ሺኛ ነው፤ በዝቷል። ከ2 ሺኛ በታች ጥሩ ነው። የሲሊንደሩ ክፍተት ራሱ ከ4 እስከ 6 ሺኛ ሲሆን ደስ ይላል፤ ከ3 በታች ሲሆን ሽጉጡ ሲሞቅና ጥቀርሻ ሲይዝ ሲሊንደሩ ይይዛል፣ ከ10 ሲያልፍ ጋዙ ይባክናል፣ መርጨቱም ይጀምራል።

የርዝመት ልቅነት መጥፎነቱ እየባሰ መሄዱ ነው። በእያንዳንዱ ተኩስ ሲሊንደሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየመታ የክንዱን ቱቦ ጫፍ ይቀጠቅጠዋል፤ ጫፉ ሲያጥር ምቱ ይበረታል። መርፌው ሲመታውም ሲሊንደሩ ወደ ፊት ስለሚሸሽ የምቱ ጉልበት ይቀንሳል። ደስ የሚለው መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። ለዚሁ ተብለው የሚሸጡ 2 ሺኛ ውፍረት ያላቸው ስስ የብረት ሮንዴላዎች አሉ፤ ሲሊንደሩ ከክንዱ ወጥቶ በውስጡ፣ የክንዱ ቱቦ ጫፍ በሚያርፍበት ላይ ይቀመጣሉ። የተጨመረው ውፍረት ሲሊንደሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ወደ ፊት ተገፍቶ 3 የነበረው በአንድ ሮንዴላ 5፣ በሁለት 7 ይሆናል፤ ወደ ኋላ ሲገፋ ያለው 8 ግን አይለወጥም። ማስገባት ያለባችሁ ስንት እንደሆነ ከሂሳቡ ይወጣል፤ ልቅነቱን ፍጹም ዜሮ ለማድረግ አትሞክሩ፣ ሲሞቅ ይጣበቃል። ወደ ኋላ ሲገፋ ያለው ቁጥር ራሱ 11 ወይም 12 ከሆነ ግን ሮንዴላ አያድነውም። የአፈሙዙ ቱቦ ወጥቶ ትከሻው በቶርኖ ተቆርጦ አንድ ዙር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። በኬ ፍሬም የቱቦው የብሎን ጥርስ በኢንች 36 ስለሆነ አንድ ዙር ወደ 28 ሺኛ ይስባል፤ ከዚያ የቱቦው ኋላ ተለክቶ ይስተካከላል። ይህ ቶርኖና ልዩ መያዣ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው፤ ፍሬም በሞርሳ ይዞ ቱቦ ለመጠምዘዝ የሞከረ ሰው ፍሬሙን ያጣምመዋል።

እዚህ ድረስ ክዳኑ ሳይከፈት ብዙ ታወቀ። አሁን ይከፈታል።

ካቻቢቴው ለብሎኑ ስንጥቅ ልክ የሆነ፣ ጫፉ ጎንና ጎኑ ትይዩ የሆነ ይሁን። እንደ ሽብልቅ የሚቀጥነው የቤት ካቻቢቴ ከስንጥቁ ወጥቶ ብሎኑን ያበላሸዋል፤ ያገለገለ ሽጉጥ ስትገዙ መጀመሪያ የሚታየውም ይኸው ነው። መያዣውን እንጨት አውጡ። የጎን ክዳኑን ብሎኖች ስትፈቱ የትኛው ከየት እንደወጣ በወረቀት ላይ በቦታቸው አስቀምጧቸው፤ የፊተኛው ክንዱን የሚይዝ ስለሆነ ለዚያ ቦታ የተሠራ ነው፣ ከሌላው ጋር ከተቀያየረ ክንዱ ወይ ይላላል ወይ ይጠብቃል። የፊቱ ብሎን ሲወጣ ክንዱና ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተስበው ይወጣሉ።

ክዳኑን በምንም መንገድ በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቃችሁ እንዳታነሡት። ከፍሬሙ ጋር የተገጠመበት መስመር ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንዴ ከተፈለቀቀ ለዘላለም ይታያል። ሽጉጡን በግራ እጅ ክዳኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙና የመያዣውን ብረት በካቻቢቴው ፕላስቲክ እጀታ ደጋግማችሁ ምቱት። ክዳኑ ከንዝረቱ የተነሣ ራሱ ብድግ ይላል።

ከውስጥ መጀመሪያ የምታገኙት ቀጭን፣ ጫፉ የተጠማዘዘ ብረት ነው። የመዶሻው መከላከያ ነው፤ ቃታው ካልተሳበ መዶሻው ወደ ፊት ሄዶ መርፌው ጥይቱን እንዳይመታ በመካከል ይቆማል። እንደ ትርፍ ዕቃ ቆጥረው መልሰው የማይገጥሙት ሰዎች አሉ፤ ሽጉጡ ያለሱም ይሠራልና አይታወቅም። በ1944 መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሽጉጥ ከመርከብ የብረት ወለል ላይ ወድቆ ተኩሶ መርከበኛ ስለገደለ ነው ፋብሪካው ይህን መከላከያ በአስቸኳይ እንዲህ አድርጎ የቀየረው። ሲገጠም ከታች ያለው ስንጥቁ በመላሹ ላይ ባለችው ፒን ላይ መቀመጡን ሳታዩ ክዳኑን አትዝጉ።

ከመያዣው ፊት ለፊት ያለውን መወጠሪያ ብሎን አላሉ፣ መዶሻውን የሚያስመታውን ዋናውን ሞላ ከመዶሻው አላቁ። የሲሊንደሩን መክፈቻ ወደ ኋላ ይዛችሁ ቃታውን ትንሽ ስትስቡ መዶሻው ይወጣል። መላሹን ስታነሡት ጨርቅ ጣል አድርጉበት፤ በውስጡ ያለው ሞላ የታፈነ ነው፣ ከወጣ ከክፍሉ ማዶ ነው የሚገኘው፤ ዓይንም ያጠፋል። መነጽር ይደረግ።

ለስላሳ ቃታ ከምንም በላይ የሚገኘው ከዚህ ትንሽ ብረት ነው። መላሹን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አድርቁና ሆዱን በመብራት ሥር ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። የፋብሪካው መቁረጫ የተወው መስመር እንደ ታረሰ መሬት ትልም ይታያል፤ በትልሞቹ ራስ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቁ ቦታዎች አሉ። የሚፋተገው እነዚያ ራሶች ናቸው። መወገድ ያለባቸውም እነሱ ብቻ ናቸው፤ ትልሙ ሥር ድረስ ወርዶ መስታወት ለማድረግ መሞከር ብረቱን ማሳነስ ነው። ደቃቅ መሳያ ድንጋይ ጠፍጣፋ አስቀምጡ፣ ሁለት ጠብታ ዘይት ጣሉ፣ መላሹን በሆዱ አስተኝታችሁ በርዝመቱ አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ ስቡት። እንደ ወፍጮ መጅ አትጫኑት፤ የራሱ ክብደትና የሁለት ጣት ግፊት ይበቃዋል። ከስምንት አሥር ጊዜ በኋላ ጠርጋችሁ እዩ። ጥቁር ነጥብ እዚህም እዚያም ቢቀር ምንም አይደለም፤ ዘይት ይይዝለታል። የሁለቱ ጎኖች ተራ ይቀጥላል። ድንጋይ ከሌለ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስታወት ላይ አስተኝቶ መሥራት ይቻላል። በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሞረጃ ግን ከዚህ ጠረጴዛ ይራቅ፤ ጠርዝ ያድበለብላል፣ ጠፍጣፋውን ማዕበል ያደርገዋል።

መላሹ የሚሄድበትን የፍሬም ወለልም በጠባብ ድንጋይ ቀለል አድርጋችሁ አሳልፉት። የማትነኩት አለ፤ በመላሹ ጀርባ ላይ ያለችው ከፍታ። ቃታው ሲለቀቅ መዶሻውን ወደ ኋላ ገፍታ መርፌውን ከጥይቱ የምታርቀው እሷ ናት። እሷ ላይ ብረት የቀነሰ ሰው የደህንነቱን ግማሽ ቀነሰ።

በመዶሻውና በቃታው ጎኖች ላይ ረጅም የሚያብረቀርቅ ጭረት ካያችሁ ወደ አንድ ጎን አጋድለው ፍሬሙን ወይም ክዳኑን እየፋቁ ነው። እዚያ መሞረድ ሳይሆን በፒናቸው ላይ 2 ሺኛ ሮንዴላ አግብቶ ወደ መካከል ማምጣት ነው መድኃኒቱ።

መዶሻው ተነሥቶ የሚያዝበት ጥርብና እሱን የሚይዘው የቃታው ጫፍ ግን በእጅ በተያዘ ድንጋይ አይነኩም። በቀድሞዎቹ ሽጉጦች የእነዚህ ብረቶች ጥንካሬ ከላይ ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው፤ ሥሩ ለስላሳ ነው። ጠንካራው ከተገፈፈ ዛሬ እንደ ቅቤ የሚለቅ ቃታ ከጥቂት መቶ ተኩስ በኋላ መዶሻውን መያዝ ያቅተዋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጡት ከብረት ዱቄት በቅርጽ ተጋግረው የሚሠሩ ሲሆኑ ፊታቸው ከመጀመሪያው ልሙጥ ስለሆነ ድንጋይ አያስፈልጋቸውም። ማዕዘኑን መቀየር ልዩ መያዣና ማጉያ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ በዩቲዩብ ተምሮ መሞከሪያ ቦታ አይደለም።

ስትገጥሙ ቅባት ቀጭን ይሁን። ፒኖቹ ላይ አንዳንድ ጠብታ ዘይት፣ በመላሹ ሆድ ላይ ጣት የነካው ያህል ግሪስ። ዘይት የጠገበ ሽጉጥ ጥቀርሻ ይሰበስባል፣ በብርድም ይወፍራል። ክዳኑ መጀመሪያ የላይኛው ምላሱ ከፍሬሙ ሥር ገብቶ ከዚያ በአውራ ጣት ተጭኖ ይገባል። ብሎን እያጠበቁ መሳብ ምላሱን ያጣምማል።

አሁን ሞላ። የመላሹ ሞላ ከፋብሪካ ወደ 18 ፓውንድ ነው፤ 15 ወይም 14 ማድረግ ለብዙ እጅ ይስማማል። ከዚያ ሲወርድ ቃታው መመለስ ይሰንፋል። ተኳሹ ፈጥኖ ቃታው ሲዘገይ ሳይመለስ ይሳባል፣ ሲሊንደሩም አንድ ቤት ይዘላል። አሜሪካዊው ፈጣን ተኳሽ ኤድ ማክጊቨርን በ1932 በስሚዝ ኤንድ ዌሰን .38 አምስት ጥይት በ0.45 ሴኮንድ ሲተኩስ ቃታው በዚያች ጊዜ አምስት ጊዜ መሳብ ብቻ አይደለም፣ በየመካከሉም ሙሉ በሙሉ መመለስ ነበረበት። ስለ ቀላል ቃታ ብዙ ይወራል፤ ስለ ፈጣን መመለስ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው፣ ፍጥነት የሚገኘውም ከእሱ ነው። ለመሞከር ቃታውን እስከ መጨረሻ ሳቡና በጣም በዝግታ ልቀቁት። አንድም ቦታ ሳይቆም እስከ ፊት ካልመጣ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሞላ ይገባል።

ዋናው ሞላ ላይ ያለው ትልቁ ጥፋት መወጠሪያውን ብሎን ማላላት ነው። ነፃ ማቅለያ ይመስላል። ብሎኑ ግን እስከ መጨረሻ ጠብቆ እንዲቀመጥ የተሠራ ነው፤ ግማሽ ላይ ከቀረ በተኩስ ንዝረት እየተፈታ ይሄዳል፤ ዛሬ የሚተኩሰው ነገ አይተኩስም። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ቀለል ያለ ሞላ ገዝታችሁ ብሎኑን ሙሉ አጥብቁ። ከፋብሪካ ብዙ ጊዜ ከ11 እስከ 13 ፓውንድ የሚሆነው የዳብል አክሽን ቃታ 9 ገደማ ላይ ሲደርስ አቁሙ። ለራስ መከላከያ የሚያዝ ከሆነ ከዚያ አትውረዱ። ለውድድር ብቻ ወርደው 7 የሚያደርሱት አሉ፤ እነሱ ግን የቀለሁ ማቀጣጠያ ለስላሳ የሆነውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፌዴራል የተባለውን ኩባንያ፣ መርጠው ነው የሚተኩሱት። መዶሻው ተነሥቶ የሚተኮሰው ከ3 ፓውንድ በታች አይውረድ።

«ጠቅ» ብሎ ከቀረ ጥፋቱን ሁሉ በሞላ ላይ አትጣሉ። ያንኑ ጥይት ሁለተኛ ሲመታ ከተኮሰ፣ በእጅ የተሞላ ጥይትም ከሆነ፣ ማቀጣጠያው እስከ ሥር ሳይገባ ቀርቶ የመጀመሪያው ምት ለማስገባት ባክኗል። በመርፌው የተመታው ጉድጓድ ከመሐል የወጣ ከሆነ ሰዓቱን እንደገና ፈትሹ። የርዝመት ልቅነቱም ከላይ እንዳልኩት ምት ይሰርቃል።

ከመተኮስ በፊት ሁለት የደህንነት ፈተና አለ፤ ሁለቱም በባዶ ሽጉጥ። መዶሻውን አንሥታችሁ ከኋላው በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ወደ ፊት ግፉት። ከወደቀ ጥርቡ ተበልቷል፣ ሽጉጡ ከአገልግሎት ይውጣ። ቀጥሎ መዶሻው ወርዶ ቃታውም ተለቅቆ ሳለ መዶሻውን ወደ ፊት ስትገፉት መርፌው በፍሬሙ ቀዳዳ ብቅ ማለት የለበትም። ብቅ ካለ መከላከያው አልተገጠመም ወይም በቦታው የለም።

ኢላማ ላይ መሰብሰብ እምቢ ካለ ደግሞ ነገሩ ከቃታ ውጭ ነው። እያንዳንዱ ቤት ፊት ለፊቱ ጠበብ የሚልበት ጉሮሮ አለው፤ ጉሮሮው ከአረሩ ከጠበበ አረሩን አሳንሶ ወደ ቱቦው ይልከዋል፣ ቱቦውም እርሳስ ይለብሳል። በዚህ የሚታወቁት የሩገር .45 ኮልቶች ናቸው (.45 ኮልት እዚህ የጥይቱ ስም ነው)፤ የ.452 ኢንች እርሳስ አረር ይገባባቸዋል፣ ጉሮሯቸው ግን .450 አካባቢ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በጣት ተገፍቶ የማያልፍ አረር ካገኛችሁ ስድስቱንም ወደ .4525 ማስፋት ከማንኛውም የቃታ ሥራ በላይ ለውጥ ያመጣል። በቱቦው መግቢያ ላይ ያለውን ሾጣጣ 11 ዲግሪ አድርጎ መቁረጥም ለእርሳስ አረር ይጠቅማል፤ መቁረጫው በእጅ የሚዞርና ርካሽ ነው። ሞዴል 19 ያለው ሰው ግን የሾጣጣውን ታች ቀድሞ ይመልከት። ለክንዱ ቦታ ለመስጠት እዚያ ብረቱ ተቆርጦ ስስ ሆኗል፤ አረሩ 125 ግሬን (8 ግራም ገደማ) የሚመዝን ፈጣን የ.357 ጥይት በብዛት ሲተኮስበት የሚሰነጠቀውም እዚያው ላይ ነው። በማጉያ ፀጉር የመሰለ መስመር ከታየ መተኮሱ ይቁም።

መጨረሻ ላይ ልትይዙት ባሰባችሁት ጥይት፣ በሌላ አይደለም፣ 100 ተኩስ በዳብል አክሽን ተኩሱ። ቤት ስትመለሱ የክዳኑን ብሎኖችና የመወጠሪያውን ብሎን መላላታቸውን እዩ፣ ሲሊንደሩን አጽዱ፣ ክፍተቱን በሁለቱም አቅጣጫ እንደገና ለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ ከሽጉጡ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ከ500 ተኩስ በኋላ በድጋሚ ለክታችሁ ከጎኑ ትጽፋላችሁ።